የባዕድ አገር ልጆቻችንና የአባቶቻቸው ልሳን
(በደብረ ኤልያስ ለሕዝብ የተደረገ ንግግር)

ስለ ቋንቋ ትምህርት ለመናገር ከደብረ ኤልያስ የተሻለ ስፍራ ይገኛል ብዬ አላምንም፤ ልሳነ ግዕዝ የእናትና የልጅ መነጋገሪያ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት ያለፉ ሲሆን፣ በዚህ ደብር ጥላ ሥር ግን ጢም ያላበቀሉ ልጆች ዛሬም ድረስ ትናንት ያልነበረ ነገር ይናገሩበታልና።

የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ከዚህ ምድር ወጥተው በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በአውስትራልያና በሌላውም ዓለም የሚኖሩ ወገኖቻችን የወለዷቸው ልጆች የአባቶቻቸውን ቋንቋ እንዴት ሊይዙት እንደሚችሉ፣ በተለይም ቅዳሜና እሑድ የሚሰጣቸው ትምህርት ምን ያህል እንደሚረዳና ምን እንደሚጎድለው መመርመር ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ በአጭሩ ላስቀምጠው፦ ወገኖቻችን ባሕር ሲሻገሩ ይዘውት የሄዱት ንባብ ቤቱን ነው፤ ቅኔ ቤቱ ግን እዚሁ ቀርቷል። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ የሰንበቱ ትምህርት ምን እንደሚመስል፣ ቀጥሎ ቋንቋ በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ከዚያም የቅኔ ቤት ሥርዓት ለዚህ ችግር ምን እንደሚያስተምረን እናገራለሁ፤ በመጨረሻም ከእናንተ የምለምነው ነገር አለኝ።

ከእነዚህ የሰንበት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ አይቻለሁ። ቅዳሴው ካበቃና ጸበል ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላ፣ ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ተወልውለው ከስድስት ዓመት እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚደርሱ ልጆች በአንድነት ተቀመጡ። መምህርቷ ሳምንቱን ሙሉ በሆስፒታል ስትሠራ የምትሰነብት፣ የዕረፍት ቀኗን ያለ ደመወዝ ለእነዚህ ልጆች የሰጠች ሴት ናት፤ እንዲህ ያሉትን ሰዎች እግዚአብሔር ያክብርልን። በግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የፊደል ገበታ ፊት ቆማ ከሀ እስከ ፐ በእንጨት እያመለከተች ስታስቆጥራቸው ልጆቹ በአንድ ድምፅ አስተጋቡ፤ ዜማቸውም የዚህን አገር የፊደል ቆጠራ ዜማ ይመስል ነበር። ከዚያም አንዲት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ተነሥታ፣ አንድ ልጅ እንስራ ተሸክሞ ወደ ወንዝ እንደ ወረደ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር አንዲት ፊደል ሳትስት አነበበች። መምህርቷ ደስ ብሏት «ልጁ ወዴት ወረደ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ ወደ መጽሐፉ ጎንበስ ብላ ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀምራ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ጥያቄው ከእርሷ ከራሷ የሚወጣ ቃል እንደሚፈልግ አላወቀችም፤ አማርኛ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚነበብና የሚደገም ነገር እንጂ ለጠየቀ ሰው መልስ የሚሰጥበት ነገር ሆኖ አጋጥሟት አያውቅምና።

ይህ የልጅቱ ጥፋት አይደለም፤ የመምህርቷም አይደለም። ሰዓቱን ብቻ እንቍጠረው። ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሆንና በዓል ሳይል፣ በረዶ ሳይል፣ ልጁም ሳይታመም ዓመቱን ሙሉ ቢካሄድ፣ ጠቅላላው 104 ሰዓት ነው። አንድ ልጅ በቀን 14 ሰዓት ያህል ነቅቶ የሚውል ከሆነ፣ የዓመቱ ትምህርት በሙሉ ተሰብስቦ ከስምንት ቀን አይሞላም። አንድ የደብረ ኤልያስ ሕፃን ከልደት እስከ ከተራ በሚሆነው ጊዜ ውስጥ የሚሰማው አማርኛ፣ የባዕድ አገሩ ልጅ በሰንበት ትምህርት በዓመት ከሚሰማው ይበልጣል ማለት ነው። ከዚህ ጥቂት ሰዓት ውስጥም 33ቱ ፊደላት በየሰባት ድምፃቸው 231 ሆነው አብዛኛውን ይወስዱታል፤ ዓመቱ አልቆ ልጆቹ ከዕረፍት ሲመለሱ ግማሹ ተረስቶ ይገኛል፤ አዳዲስ ልጆችም ይጨመራሉ፤ ስለዚህ ትምህርቱ እንደ ገና ከሀ ይጀምራል። ሦስት ዓመት ተምሮ ሦስት ጊዜ ፊደል የቆጠረ፣ ነገር ግን «ትናንት ምን አደረግህ?» ቢባል የማይመልስ ልጅ በየከተማው አለ።

በቀድሞው የአገራችን ሥርዓት ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ዳዊትን በግዕዝ ሲያነብ ምስጢሩን ባያውቀው ማንም አይነቅፈውም ነበር፤ ንባቡ መሠረት ነውና፤ ምስጢሩ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ወደ ፊት ይጠብቀዋል። መሠረቱ የሚጣለው ቤት እንደሚሠራበት ታስቦ ነው። የባዕድ አገሩ ልጅ ግን ከመሠረቱ ቀጥሎ የሚጠብቀው የለም፤ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ከዚያ አዳራሽ ይወጣል፤ ነገሩም በዚያው ይቀራል።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልሻገር። ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት በማድረሳቸው ግዴታቸውን የፈጸሙ ይመስላቸዋል፤ በቤት ውስጥ ግን ለልጁ የሚናገሩት አማርኛ «ና»፣ «ብላ»፣ «ተው»፣ «ተኛ» ከሚለው ትእዛዝ ብዙ አይርቅም። ልጁ ትእዛዙን ይሰማል፤ ይፈጽማል፤ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ወላጁም ከሥራ ደክሞ የመጣ ነውና በእንግሊዝኛው ይቀጥላል። እንዲህ ሲሆን ልጁ ቋንቋውን በጆሮው ብቻ ይይዘዋል። ከእናቷ ጋር ብቻዋን ያደገች ልጅ ወንዱንም ሴቱንም «ነይ» ስትል የሰማ ሰው ይሥቅባት ይሆናል፤ እኔ ግን ሳስበው፣ ልጅቱ በቤቷ ውስጥ የሰማችውን አንድ ድምፅ በታማኝነት ይዛ የተገኘች ናት፤ የጐደለው የአጎት፣ የአክስት፣ የጎረቤትና የእረኛ ድምፅ ነው።

በዚህ ላይ ፍርሃት ይጨመራል። ልጃቸው ትምህርት ሲከብደው በባዕድ አገር ያለ መምህር «ቤት ውስጥ በእኛ ቋንቋ ብቻ አነጋግሩት፤ ሁለት ቋንቋ ያደናግረዋል» ብሎ የመከራቸው ወላጆች አጋጥመውኛል። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እውነት ግን አይደለም። በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ኤልዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ባሳተሙት ጥናት፣ ፈረንሳይኛንና እንግሊዝኛን አስተካክለው የያዙ የ10 ዓመት ልጆች አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያውቁት እኩዮቻቸው በአእምሮ ፈተና በልጠው እንጂ አንሰው አልተገኙም። ከዚያ ቀደም ብሎ ዡል ሮንዣ የተባለው ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ፣ ጀርመናዊት ሚስቱ በጀርመንኛ እርሱም በፈረንሳይኛ ብቻ እያነጋገሩት ልጃቸው ሉዊ ሁለቱንም ያለ መደናገር እንደ ያዘ በየጊዜው መዝግቦ በ1913 መጽሐፍ አውጥቷል። እኛ ግን ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም፤ ወደ እንጅባራ ገበያ የሄደ ሰው አገውኛንና አማርኛን በአንድ ጊዜ የሚናገር ሕፃን ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ያገኛል፤ በአዊም አገውኛ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማሩበታል። እናቱ ኦሮምኛ፣ አባቱ አማርኛ የሚናገሩ፣ ባዕድ አገር ተወልዶም እንግሊዝኛ የሚጨመርለት ልጅ ሦስት ሀብት አገኘ እንጂ ሸክም አልተጫነበትም፤ እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ሳያቋርጥ ይስጠው።

በብዙ አገር መንግሥትም ቢሆን አልከለከለም፤ እንዲያውም ረድቷል። ስዊድን ከ1977 ጀምሮ ለስደተኞች ልጆች የእናታቸውን ቋንቋ የማስተማርን ግዴታ በከተማና በወረዳ አስተዳደሮች ላይ ጥላለች፤ በአውስትራልያ በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር በ1935 በሁለት ቋንቋ የጀመረው የመንግሥት የቅዳሜ ቋንቋ ትምህርት ቤት ዛሬ አማርኛን ጭምር ያስተምራል፤ የዋሽንግተን ከተማም በ2004 ባወጣችው ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቿ ለሕዝብ ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ ይገኛል። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ቋንቋው በቤት ውስጥ የሚሞት ከሆነ፣ ምክንያቱን በቤት ውስጥ መፈለግ ግድ ይሆናል። ስለ ቋንቋ መጥፋትና መመለስ ብዙ የጻፈው አሜሪካዊው ጆሹዋ ፊሽማንም በ1991 ባወጣው ታላቅ መጽሐፉ አጥብቆ የተናገረው ይህንኑ ነው፤ ወላጅ በቤት ለልጁ ካላቀበለው ትምህርት ቤት ብቻውን ቋንቋን አያድንም።

በዚህ ስፍራ እናንተ ከማንም ይልቅ ልትረዱት የሚገባችሁን አንድ ነገር ልናገር፤ በገዛ ምድራችን የሆነ ነውና። በጎጃም ውስጥ ጋፋትኛ የሚባል፣ ለአማርኛ ዘመድ የሆነ ሴማዊ ልሳን ይነገር ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ወሰደ፤ ጽሑፉም በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የሴማውያን ልሳናት ሊቅ የነበረው ቮልፍ ሌስላው ያንን ጽሑፍ ካጠና በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ራሱ ወደ ጎጃም መጥቶ ሲፈልግ ቋንቋውን የሚያስታውሱ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ፤ ከአንደበታቸው የሰበሰበውንም በ1956 በታተመ መጽሐፉ ለዓለም አቆየው። ከዚያ ወዲህ ተናጋሪ የለውም። በጋፋትኛ ላይ አዋጅ ታውጆበት፣ ነጋሪት ተጐስሞበት አልጠፋም፤ እንደሚመስለኝ፣ አያት በጋፋትኛ ሲናገር አባት ሰምቶ በአማርኛ መለሰ፣ ልጅም አማርኛውን ብቻ ወረሰ። ያን ጊዜ ዋጩ ቋንቋ የእኛው አማርኛ ነበር። ይህን ማስታወስ የሚገባን ልጆቻችን በባዕድ አገር ስለሚደርስባቸው ነገር ስናዝን ኀዘናችን ፍትሕ እንዲኖረው ነው፤ ለአማርኛ የምንመኘውን ለአገውኛም፣ ለጉሙዝኛም፣ ለሌሎቹም ልሳናት ካልተመኘን ሐዘናችን ለራስ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ደርሻለሁ። ግዕዝን በእናቱ ጉያ የሚማረው ልጅ ከሌለ፣ አራት ሰዎች ዘንድ ብቻ ተገኝቶ እንዳለቀው እንደ ጋፋትኛ ለምን አልሆነም? ቅዳሴው አቆየው የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚደገም ጸሎት ብቻ ቢሆን ኖሮ የግዕዝ ዕውቀት እንደዚያች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ንባብ ሆኖ በቀረ ነበር። ሕያው ያደረገው የቅኔ ቤት ሥርዓት ነው።

ይህን ሥርዓት እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለሚያነቡትም ስል ጥቂት ልናገር። ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ፣ አንዱ ትግርኛ፣ ሌላው አገውኛ፣ ሌላው አማርኛ እየተናገረ ያደገ ሊሆን ይችላል፤ በቅኔው ቤት ግን ለሁሉም አዲስ የሆነ ልሳን ይጠብቃቸዋል። ግሡን ያጠናል፤ እርባ ቅምሩንና አገባቡን ይቀጽላል፤ መምህሩም ቅኔ ዘርፎ ምስጢሩን ይፈታለታል። እዚህ ድረስ ያለው ከሌላ ትምህርት አይለይም። የሚለየው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ተማሪው የመምህሩን ቅኔ አጥንቶ በመመለስ አይሰናበትም፤ ራሱ ቆጥሮ፣ ከራሱ ልብ አውጥቶ፣ ማንም ያላለውን ነገር ይዞ ለነገራ፣ ይኸውም ቅኔውን ለማሰማት፣ ይቆማል። ለጀማሪ መወድስን ያህል ስምንት ቤት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ሁለቱ ቤቶች ግን የእርሱ መሆን አለባቸው። ቤቱን የሰበረ እንደ ሆነ አስነጋሪው፣ ይኸውም ከእርሱ ጥቂት ቀድሞ የገባው ተማሪ፣ ያቃናለታል፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ሁለት ቤት ይዞ ይመጣል። ግዕዝ የሚኖረው በየቀኑ አንድ ወጣት በግዕዝ የሚናገረው ነገር ለማግኘት ስለሚጨነቅ ነው።

የዚህ ትምህርት ፍሬ ከሆኑት አንዱ ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ በ1902 ዓ.ም. በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በዚሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ በቤተ ክህነት ትምህርት ካለፉ በኋላ ዘመናዊውን ትምህርት ተምረው፣ በአርበኝነት ተዋግተው፣ በጣልያን አገር ታስረው፣ በኋላም በአምባሳደርነት በባዕዳን ቋንቋ አገራቸውን አገልግለዋል። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን ሲያሳትሙ ግን ያ ሁሉ የባዕድ አገር ኑሮ አማርኛቸውን አላሳሳውም። ቋንቋን በልጅነቱ ሠርቶበት የያዘ ሰው ሌላ ቋንቋ ሲጨምር የቀድሞውን አይከስርም፤ የእርሳቸው ታሪክ ለዚህ ምስክር ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ የሰንበቱ ትምህርት ከቅኔ ቤት የሚወርሰው ምንድን ነው? ቅኔውን እንኳ አይደለም፤ ሥርዓቱን ነው። ልጁ ፊደሉን ጨርሶ ሳይቈጥር፣ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፣ የራሱ የሆኑ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይዞ እንዲመጣ ይደረግ። ስለ ድመቱ ይሁን፤ ስለ ወንድሙ ይሁን፤ በትምህርት ቤቱ ስለ ተጣላው ጓደኛው ይሁን። አንዱን ቃል ባያገኘው ወደ እናቱ ሄዶ ይጠይቅ፤ እናቱም በዚያች ጥያቄ ምክንያት ከ«ና» እና ከ«ብላ» የሚያልፍ ነገር ለመናገር ትገደዳለች፤ የትምህርት ቤቱ ሁለት ሰዓት ወደ ቤት የሚገባውም በዚህ መንገድ ነው። ዐሥራ ሁለትና ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላቸው፣ በዕድሜያቸው ምክንያት ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ የሚያሳፍራቸው ልጆች ደግሞ አስነጋሪ ይሁኑ፤ የታናሹን ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰምቶ የሚያቃና ልጅ ሳያውቀው ራሱ ይማራልና። ፊደሉ ይቅር አላልኩም። ልጁ የተናገረውን ራሱ ሊጽፈው ሲመኝ 231ዱ ፊደላት የሚያዙበት ፍጥነት ሌላ ይሆናል።

ወላጆችን በሚመለከት ከዚህ ብዙ መጨመር አልፈልግም፤ አንዲት ነገር ብቻ። ልጁ በእንግሊዝኛ ሲመልስ መቆጣት አያስፈልግም፤ ወላጁ በአማርኛ ይቀጥል፤ ረዥም አድርጎ ይቀጥል፤ የነገሩን ምክንያት፣ የሰውየውን ታሪክ፣ የጠቡን አመጣጥ ይንገረው። የሚጣፍጥ ነገር በአማርኛ ብቻ የሚገኝበት ቤት ልጁን ሳያስገድድ ይስበዋል።

የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ለደብረ ኤልያስ ሰዎች ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ባሕር ማዶ አላችሁ፤ እሑድ እሑድም በምስል ስልክ ትገናኛላችሁ። አያት «እንዴት ነህ የኔ ዓለም?» ትላለች፤ ልጁ «ደኅና» ይላል፤ «እናትህ ደኅና ናት?» ትላለች፤ «ደኅና» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ወደ እናቱ ይመለሳል። ፍቅር አልጐደለም፤ የጐደለው ጥያቄ ነው። እባካችሁ እናንተ የማታውቁትን፣ እርሱ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቁት፤ በረዶ ሲወርድ ምን እንደሚመስል፣ ወደ ትምህርት ቤት በምን እንደሚሄድ፣ ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነ። ቃሉ ጠፍቶት ዝም ሲል አትፈጥኑበት፤ እናቱም ቃሉን ከአፉ ቀድማ እንዳትነጥቀው ንገሯት። ሲሳሳትም አትሣቁበት፤ እናንተ በፍቅር ብትሥቁም እርሱ የሚሰማው ኀፍረት ነው፤ አንድ ጊዜ ያፈረ ልጅ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ስልኩ አይቀርብም።

በእነርሱ የዕረፍት ጊዜ፣ በእኛ ክረምት፣ ልጆቹ ወደዚህ ሲመጡ ደግሞ የአክስትና የአጎት ልጆቻቸው እንግሊዝኛቸውን ሊለማመዱባቸው ይከቧቸዋል፤ የተማሪዎቹን ጉጉት አልነቅፍም፤ ነገር ግን ልጁ ከስንት ሺሕ ኪሎ ሜትር መጥቶ እዚህም እንግሊዝኛ ካገኘ መምጣቱ ምን ጠቀመው? ጭቃውን ፈርታችሁ ቤት አትዝጉበት፤ ከጥጃው ጋር ይዋል፤ ወደ ወፍጮ ይላክ፤ ገበያ ወርዶ ስለ ጨው ዋጋ ይከራከር።

እናንተንም የቅኔ መምህራን አባቶቼ አንድ ነገር እለምናለሁ። በሚመጣው ክረምት ከባሕር ማዶ የመጡ ልጆች ቢገኙ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን በጉባኤያችሁ ዳር ተቀምጠው ነገራውን እንዲሰሙ ፍቀዱላቸው። ግዕዙን እንዲረዱት አይጠበቅም፤ በዕድሜ የሚመስላቸው ልጅ ከመምህሩ ፊት ቆሞ፣ እናቱ በማትናገረው ልሳን፣ ሌሊቱን ያሰበውን የራሱን ሁለት ቤት ሲናገር ይዩ። አስነጋሪዎቹ ቢያገኙ ደግሞ ከጉባኤው በኋላ በአማርኛ ያጫውቷቸው፤ እነርሱም በበኩላቸው ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። ለዚህ ገንዘብም መጽሐፍም አያስፈልግም፤ የእናንተ ፈቃድ ይበቃል፤ ፈቃዳችሁን ዛሬ ከሰጣችሁኝ መልእክቱን ለወላጆቹ የማደርሰው እኔ ነኝ። የቀረውን ጊዜ ለጥያቄያችሁ ትቼዋለሁ።